አንድ ማንኪያ አይገድልሽም

የባሌ እህት ኦሪሲያ ሥጋ መብላት የተወችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ እኔ ገና ወደ ቤተሰቡ አልገባሁም ነበር። ባሌ ሜትሮ ሲያወራው እንደሰማሁት ከሆነ ነገሩ ታሪክ እንኳ አይባልም። በፋሲካ ማለዳ የተባረከው የምግብ ቅርጫት ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሁሉም ገበታውን ከበው ሳለ ቋሊማው ዞሮ እሷ ጋ ደረሰ። «አልፈልግም» አለች። ሁለተኛ ዞሮ መጣ። «አልፈልግም» አለች። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ፣ እስከ ዛሬም አልፈለገችም።

በሌላ ቤት ቢሆን ሰው አንድ ሳምንት አውርቶ ይተወው ነበር። በእነሱ ቤት ግን ቋሊማ ማለት የቤቱ ስም ነው። አባታቸው ኒኮላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዶፊን ከተማ በስተሰሜን ያለውን እርሻ ከአባቱ ሲረከብ ቋሊማ የሚጨስባትን የእንጨት ጎጆም አብሮ ተረክቧል። በእኛ አገር የኒኮላ ቋሊማ ያልቀረበበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ ቀብርም ቢሆን እንደዚያው። ጎጆዋን ዛሬ የያዘው ሜትሮ ነው። ስንተዋወቅ እጁ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር፤ ከሃያ ሁለት ዓመት ትዳር በኋላም ይሸታል፤ እኔ ለምጄዋለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ከዚያው ማኅፀን፣ ከሜትሮ በሁለት ዓመት ዘግይታ፣ ኦሪሲያ ወጣች።

ኦሪሲያን ያየ ሰው፣ ሥጋ ስለማትበላ ደካማ ትሆናለች ብሎ አያስብም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ገብቶ የሰው ሁሉ መኪና አልነሣም ሲል፣ እሷ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሞተሯን አሙቃ፣ የጎማ ሰንሰለቱን በራሷ እጅ አስራ፣ አርባ ልጆች ከየእርሻው ትለቅማለች። ባል አላገባችም። ከተማው ውስጥ ከእህል ጎተራው ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ትኖራለች፤ መከር ሲደርስ ጫካ ለጫካ እየዞረች እንጉዳይ ትለቅማለች፣ ታደርቃለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው። በመስታወቷ ወደ ኋላ አይታ «ተቀመጥ» ካለች፣ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚቀር ልጅ የለም።

በበዓል ገበታ ላይ ግን የሚፈራት አልነበረም። ዋናው ተንኳሽ አጎት ኦስታፕ ነው። የሟቹ ኒኮላ ወንድም ሲሆን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዓልን ሁሉ እኛ ዘንድ ያሳልፋል። በዓመት አራት ጊዜ ያቺኑ አንድ ቀልድ እንደ አዲስ ያመጣታል። «ኦሪሲያ፣ ጎተራ ውስጥ ድርቆሽ አለልሽ፤ ላሞቹ አስቀርተውልሻል» ይላታል። እሱ ይስቃል፤ እኛም እሱ ስለሳቀ እንስቃለን። ሜትሮ ደግሞ የሚያዝንላት እንጂ የሚያሾፍባት አይመስለውም። ከቋሊማው ጫፍ ቆርጦ በሹካ ወግቶ እስከ አፍንጫዋ ያስጠጋላታል። እናታቸው እማማ ፓራስካ በሾርባው ነው የምትመጣው፤ «አንድ ማንኪያ አይገድልሽም» ትላለች። ይህች አባባል መጀመሪያ የእማማ ነበረች። ቆይታ ግን የሁላችንም ዘፈን ሆነች፤ ለቋሊማውም፣ ለምስጋና ቀን ለሚጠበሰው ተርኪም፣ በሥጋ ለተሞላው ጥቅል ጎመንም። እኔም ብያታለሁ፤ አልዋሽም።

ኦሪሲያ አትቆጣም፣ አታለቅስም፣ ተነሥታም አትሄድም። ድንቹን ታነሣለች፣ ዳቦዋን ትቆርሳለች፣ ሽንጧን ገትራ እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች። ወይ ፍንክች!

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያበሽቀው ምክንያት አለመስጠቷ ነበር። ታማ ይሆን? ሃይማኖት ቀይራ ይሆን? አንድ ጊዜ አጎት ኦስታፕ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ ወንድ ይዛ ነው፣ ያ ወንድ ህንድ ነው ብሎ አስወራ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሰው ስለዚያ ህንድ ሲጠይቀን ከረመ። አንድ የፋሲካ ከሰዓት ሁለታችን ሳህን ስናጥብ ብቻችንን ስለነበርን፣ ለእኔ እንኳ ንገሪኝ አልኳት። እጇን ከሳሙናው አላወጣችም።

«ዳርካ፣ ምክንያት ብሰጣችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ታፈርሱታላችሁ። አልፈልግም ያልኩትን ግን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ያን ቀን ግትር ናት ብዬ ተውኳት።

አሁን ወደ ድስቷ ልምጣ። ኦሪሲያ ወደ እናቷ ቤት በበዓል ስትመጣ የራሷን ምግብ በድስት ይዛ ነው። ገብስ ከደረቀ የጫካ እንጉዳይ ጋር፣ በሱፍ ዘይት የተሠራ፣ ሁልጊዜ ያው ነው። ሰማያዊ ድስት፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረ፣ ከአውቶቡሱ ወንበር አጠገብ ተደግፎ የሚመጣ። መጀመሪያ ሰሞን አታመጣም ነበር፤ እናቷ ያበሰለችውን ሥጋ የሌለበትን እየመረጠች ትበላ ነበር። ማምጣት የጀመረችው በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ዓመት ነው፤ ለምን እንደጀመረች የጠየቃት አልነበረም። እማማ ግን ድስቱን ባየች ቁጥር ያንገበግባታል። እናቷ ቤት የሚበላ የሌለ ይመስል! ሴት ልጅ እናቷ ቤት ምግብ ይዛ ስትመጣ ጎረቤት ምን ይላል?

ይልቁንም የገና ዋዜማ። በዋዜማው እራት ማንም ሰው ሥጋ አይበላም። በደንቡ የሚቀርበው አሥራ ሁለቱም ምግብ የጾም ነው፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ድርቆሽ ይነጠፋል፣ ለሞቱት አንድ ባዶ ወንበር ይተዋል፣ ልጆቹ በመስኮት የመጀመሪያዋን ኮከብ ጠብቀው «ወጣች!» ሲሉ ይጀመራል። በዓመት ውስጥ ኦሪሲያ ከሰው እኩል የምትሆንባት ያቺ አንዲት ምሽት ናት። ዓሣውን ብቻ ታሳልፋለች፤ አጎት ኦስታፕም «አሥራ አንድ የምትበላ ክርስቲያን» ይላታል። ታዲያ በዚያች ምሽት እንኳ ድስቷን ይዛ መምጣቷ ለእማማ ሊዋጥላት አልቻለም። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በልጅነቷ በረሃብ ዘመን እንኳ የዋዜማን ጾም ገድፋ እንደማታውቅ ስንት ጊዜ ነግራናለች። «በእኔ ጾም አታምንም» ትላለች። ስለዚህ በዋዜማ ድስቱ ገበታ ላይ አይወጣም። እማማ ራሷ ተቀብላ መግቢያው ላይ ባለው አግዳሚ፣ ከጫማው መሃል፣ ከብርዱ ጋር ታስቀምጠዋለች። ኦሪሲያም ድስቱን ይዛ ከመምጣት አትቀርም፤ እናትየውም ከማስቀመጥ። በዚህ ዓይነት ዓመታት አለፉ።

የማወራላችሁ ነገር የሆነው ባለፈው ገና ዋዜማ ነው። የዓይን ሞራው እማማን ካስቸገራት ወዲህ ምግቡን አብሬያት የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሷ ወንበር ላይ ሆና ታዛለች። ከሰዓት በኋላ ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ ለሚቀቀለው ፒሮሂ፣ ለአደንጓሬው፣ ለጎመኑ የሚሆን ሽንኩርት መጥበስ ነበረብን። እማማ የጾሙን ስብ፣ ያንን ነጭ የአትክልት ስብ፣ በብዛት ገዝታ ምድር ቤት ባለው ዲፕ ፍሪዘር ታስቀምጣለች። በምን? በአይስክሬም ባልዲ። በእኛ አገር አይስክሬም የሚገዛው ለባልዲው ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። የማንንም ፍሪዘር ክፈቱ፤ አሥራ አምስት ተመሳሳይ ነጭ ባልዲ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ በአንዱም ውስጥ አይስክሬም የለም። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ይጻፍበታል፤ ባልዲው ለሌላ ነገር ሲውል ጽሑፉን የሚቀይር የለም። «እንጆሪ» የሚለውን ስትከፍቱ የዶሮ ሾርባ ነው።

እማማ «ከግራ ሁለተኛውን» አለችኝ። ከግራ ሁለተኛውን አመጣሁ። ነጭ ስብ ነው። መጥበሻው ላይ ጣልኩት፣ ሽንኩርቱን ጨመርኩ፣ ጠበስኩ። ምንም አልሸተተኝም። የቋሊማ ሠሪ ሚስት ምን ሊሸታት!

ኮከቧ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች። ኦሪሲያ ከአራቱ ልጆቼ ቀድማ ደርሳ ድስቷም መግቢያው ላይ ከጫማዎቹ መሃል ቦታውን ይዟል። እማማ ጸለየች፤ «ክርስቶስ ተወለደ» አለች፣ «አክብሩት» አልን። የስንዴ ንፍሮው በማር ተለውሶ ዞረ፣ የቀይ ሥሩ ሾርባ ተጠጣ፣ ከዚያ ፒሮሂው መጣ። ድንች የተሞላ፣ በላዩ ሽንኩርቱ የሚያብረቀርቅ። እማማ መጀመሪያ አነሣች፤ ደንቡ ነው። ሁለት በላች። ሁላችንም ጀመርን።

ኦሪሲያ አንዱን ነከሰች። አኝካ አቆመች። የወረቀት መሐረቧን ወደ አፏ ወስዳ የነከሰችውን አወጣችና ሹካዋን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አቁሚ። ይሄ የአሳማ ሞራ አለበት።»

 አጎት ኦስታፕ፣ ዛሬም ጀመራት፣ የዋዜማ ዕለት እንኳ አትምርም አለ። ሜትሮ እህቱን በዓይኑ ተይ አላት። እማማ ግን ሹካዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«በእኔ ገበታ?» አለች። «በዚህች ምሽት? ሰማንያ ሦስት ዓመት ጾሜን ገድፌ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ምግቤን ናቅሽ፤ አሁን ደግሞ ጾሜን? ይቅርታ ጠይቂኝ፤ ወይ ድስትሽን ይዘሽ ሂጂ። ከሄድሽም ነገ አትምጪ፤ ፋሲካም አትምጪ።»

እማማ ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ከገዛ ወንድሟ ጋር በአንድ አጥር ምክንያት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳትነጋገር ቀብሩ ላይ ነው የቆመችው። ስለዚህ ሁላችንም ምን እንደተባለ ገብቶናል። ኦሪሲያ በዓለም ላይ ከዚህ ገበታ ሌላ ገበታ የላትም።

«አልጠይቅም» አለች። «ባልዲውን አምጡና እዩት።»

ሜትሮ እናቱን ለማረጋጋት፣ አሁን አይቼ እመጣለሁ፣ ተሳስታ ነው ብሎ ተነሣ። ባልዲውን መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ ተከተልኩት። ኦሪሲያም ከኋላችን ወረደች። ምድር ቤቱ መብራት ሥር ባልዲውን ከፈትኩት። ሜትሮ በጣቱ ጫር አድርጎ ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። ማንኪያ ፈልጎ ወደ ሥሩ ቆፈረና አንድ ደረቅ የሎረል ቅጠል፣ ለመዓዛ የሚጨመረውን፣ አወጣ። ሜትሮ ሞራ ሲያቀልጥ ሁልጊዜ የሎረል ቅጠል ይጨምርበታል፤ በአካባቢው እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ለገና ማግሥት ብሎ በኅዳር ለእናቱ የሰጣት የራሱ ሞራ ነው። የአትክልት ስቡ ከግራ ሦስተኛው ነበር።

 ያወጣሁት እኔ፣ የጠበስኩት እኔ። የቤቱ ሰው ሁሉ በልቶታል፣ ልጆቼም፣ እማማም ሁለት። ሥጋ በል ሁላ አንዳችንም አላወቅንም! አሳማ የለመደ ምላስ ምኑን ይለየዋል? ያወቀችው ሃያ ስድስት ዓመት ስናሾፍባት የኖርነው ሴትዮ ናት።

ሜትሮ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

«ኦሪሲያ፣ ስሚኝ» አለ በቀስታ። «አንዴ ሆኗል። ብትሰማ ቅስሟ ይሰበራል። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ወጥተን ተሳስታ ነው እንበል፤ አንቺም ይቅርታ በያትና ይለፍ። ያላወቀችው አይጎዳትም።»

እኔም፣ አፍሬ የምናገረው ነገር ነው፣ እባክሽ አልኳት። እጇን ይዤ እባክሽ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ፈርቼ ነው። አንዲት ቃል ብትል ሰላም ይሆናል። ማን ይጎዳል? እሷማ ለምዳዋለች።

ኦሪሲያ እጇን ከእጄ አወጣች።

«ያላወቀችው አይጎዳትም» አለች። «ይቺን እኔ አውቃታለሁ። የፋሲካ ሾርባ ውስጥ አጥንት ተቀቅሎ ወጥቶ፣ ‹ንጹህ ነው፣ ጠጪ› ስትሉኝ ስንት ዓመት ነው? ከጥቅል ጎመኑ ሥጋው ተለቅሞ ‹ሩዝ ብቻ ነው› ስባል? የማላውቅ መስሏችሁ ነበር። እኔ እኮ ዋሻችሁኝ ብዬ እንኳ አልጮህኩም፤ ድስቴን ይዤ መጣሁ። አሁን እናንተ ያደረጋችሁብኝን እናቴ ላይ ላድርግ? አሻፈረኝ።»

ሜትሮ ደረጃው ሥር ቆሞ መንገዱን ዘጋ። ትልቅ ሰው ነው፤ በር ይሞላል። ቤተሰቡን እንዳትበጠብጥ ለመናት፤ ለእኔ ብለሽ አላት።

«ዞር በል» አለችው።

ያ የአውቶቡሱ ድምፅ ነው። ሜትሮ ዞር አለ።

ስንወጣ ሁሉም እንደነበረ ተቀምጧል፤ የቀመሰ የለም። ኦሪሲያ እናቷ ፊት ቆማ ባልዲው የሜትሮ ሞራ መሆኑን፣ ሽንኩርቱ ሁሉ በሱ መጠበሱን፣ ማንም አውቆ እንዳላደረገው ነገረቻት። ድምፅዋን አላለሰለሰችም፣ አላከረረችምም። አጎት ኦስታፕ ሜትሮን አየው። ሜትሮ መሬት መሬት አየ። አንድ ቃል ከአፉ ቢወጣ፣ «ተሳስታ ነው» ቢል፣ እማማ እሱን ነበር የምታምነው።

እማማ ግን የሱን መልስ አልጠበቀችም። ጭጋግ የለበሰ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«ዳርካ፣ እውነት ነው?»

ልዋሽ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኦሪሲያ እዚያ ቆማለች፤ ማንም እንዲያግዛት አልጠየቀችም፤ ብዋሽም ይቅርታ እንደማትጠይቅ፣ ካፖርቷን ለብሳ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከሳቂዎቹ ጋር ስቄያለሁ። በቃኝ።

«እውነት ነው እማማ» አልኩ። «ባልዲውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ሳህኗን አየች። በጣቷ ፒሮሂውን ገፋ አደረገችው። ቢያንቃት ምን እናደርጋለን፣ ልቧ ቢቆም ምን እንላለን እያልኩ እኔ እሞታለሁ። እሷ ግን ሦስት ጊዜ አማተበችና ነገሩ ሁሉ ስለ ጎረቤት ይመስል ረጋ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ጾም ነው ብዬ በላሁ። እግዜር ይቅር ይለኛል። ሳላውቅ ነው የበላሁት።» ወደ ኦሪሲያ ዞረች። «አንቺን ግን እያወቅሁ ነው ያበላሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ኦሪሲያ።

«አጥንቱን አውጥቼ ነበር የማቀርብልሽ። ሴት ልጄ ትከሳብኛለች፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ።»

«አውቃለሁ እማዬ። ድስቱን ለዚያ ነው የማመጣው።»

ይህን ማንም ከዚያች ምሽት በፊት ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። 

እማማ ስብ የነካውን ሁሉ አንሡ አለች። ፒሮሂው ሄደ፣ ጥቅል ጎመኑ ሄደ፣ አደንጓሬው፣ የአተሩ ጎመን። ልጆቹ ፒሮሂው ሲወጣ እያዩ ሊያለቅሱ ደረሱ። ገበታው ላይ የቀረው ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ዓሣው፣ የደረቀ ፍራፍሬ የተቀቀለበት ውሃና የድርቆሹ ሽታ ነው። ዘጠኝ ሰው በዚያ አይጠግብም። እማማ አንገቷን ሳታነሣ፣ ዳርካ፣ የልጄን ድስት ከመግቢያው አምጪልኝ አለችኝ።

ተነሣሁ። ኦሪሲያ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችኝ።

«ቁጭ በይ ዳርካ» አለች። «ያስቀመጠው ሰው ያምጣው።»

እግዚኦ! ሜትሮ «ኦሪሲያ!» አለ። እናት ናት፣ አሮጊት ናት፣ በዓል ነው! እኔም ይሄ በዛ አልኩ በልቤ። ኦሪሲያ ግን ቦታዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ሃያ ዓመት የጠበቀች ሰው ትንሽ ደቂቃ መጠበቅ አያቅታትም።

እማማ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ተነሣች። ማንም እንዳይነካኝ በሚል ዓይነት ክርኗን ሰበቀች፤ ሜትሮ ሊደግፋት ሲነሣ መልሳ አስቀመጠችው። በሩን ከፍታ ወጣች። ጫማዎቹን በእግሯ ስትገፋ፣ በጭፍን አግዳሚውን ስትዳስስ እንሰማለን። ብርዱ ገብቶ ሻማው ተርገበገበ። ቆየች። ከዚያ ሰማያዊውን ድስት በደረቷ አቅፋ ተመለሰች፤ ክዳኑ ላይ ውርጭ ይዟል። ወደ ዳር አላስቀመጠችውም፤ የንፍሮውን ሳህን ገፍታ መሃል ላይ አኖረችው። ገመዱን ራሷ ፈታች።

ኦሪሲያ ምድጃው ላይ አሙቃ መልሳ አመጣችው። በእናቷ ሳህን ላይ ጨለፈች፣ ለልጆቹ ጨለፈች፣ ለእኔ ጨለፈች። ሜትሮ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። አጎት ኦስታፕ ዘንድ ስትደርስ ሳህኑን በእጁ ሸፈነ፤ እሱ ገብስ ለፈረስ ነው የሚያውቀው፣ ዓሣው ይበቃዋል፣ ሆዱም ትንሽ እንደማመም ብሎታል።

ኦሪሲያ ጭልፋውን እጁ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«አጎቴ፣ እጅህን አንሣ» አለች። «አንድ ማንኪያ አይገድልህም።»

ልጆቹ ሳቁ። ሜትሮ ሊስቅ ፈልጎ አፈረ። ኦስታፕ እጁን አነሣ።

በላን። ጥሩ ነበር፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መቅመሴ ነው የቆጨኝ። እማማ ቀስ ብላ አኘከች፣ ሁሉም ፊቷን እያየ ነው። ዋጠችና አፏን ጠረገች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

የጨው መያዣው ከኦሪሲያ ክርን አጠገብ ነበር።

«እኔ እንዲህ ነው የምሠራው» አለች ኦሪሲያ፤ ጨዉንም አላቀበለቻትም።

እማማ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳህኗን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጋች።